ርቀቱ አንድ፣ ሰዓቱ ብዙ፦ በሁለት ሩቅ ከተሞች መካከል ያለ በረራ እንዴት ይሰላል?

ክቡራትና ክቡራን፣

በኒው ዮርክና በለንደን መካከል ያለው በረራ ስንት ሰዓት ይፈጃል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቀላል ነገር የጠየቀ ይመስለዋል። ርቀቱ የታወቀ ነው፤ 5,540 ኪሎ ሜትር ያህል። አውሮፕላኑም የታወቀ ነው። ሆኖም ከኒው ዮርክ ወደ ለንደን ሲኬድ ቲኬቱ ላይ ሰባት ሰዓት ገደማ ይጻፋል፤ ሲመለሱ ደግሞ ስምንት ሰዓት ገደማ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2020 ሌሊት አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ከኒው ዮርክ ተነስቶ በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ለንደን ገብቷል። ከተሞቹ አልተቀራረቡም፤ የአውሮፕላኑም ሞተር ያው የድሮው ነው። ኪያራ የሚል ስም የተሰጠው ማዕበል በደረሰበት ሰሞን የበረታ ነፋስ ከኋላው እየገፋው ነው እንዲያ የፈጠነው።

ርቀት የምድር ጉዳይ ነው፤ አንዴ በትክክል ከተሰላ አይለወጥም። ሰዓት ግን በነፋሱ፣ በመንግሥታት የአየር ክልልና በአውሮፕላን ማረፊያው ወረፋ የሚወሰን ነገር ነው። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ የማያይ መንገደኛ የሚቀጥለው በረራ ያመልጠዋል፣ ወይም ሆቴሉን በተሳሳተ ቀን ይይዛል። ስለዚህ በርቀቱ ልጀምርና ወደ ሰዓቱ እሄዳለሁ።

ርቀትን በተመለከተ የመጀመሪያው አሳሳች ነገር ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው ካርታ ነው። ገራርዱስ መርካቶር እ.ኤ.አ. በ1569 ያወጣው የካርታ አሣሣል ለመርከበኞች የታሰበ ነበር። በዚያ ካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያሰመረ መርከበኛ የኮምፓሱን አቅጣጫ ሳይለውጥ ካሰበበት ይደርሳል። ለዚያ ሥራ እጅግ ጥሩ ነው። አጭሩን መንገድ ግን አያሳይም፤ ወደ ዋልታዎቹ በቀረብን ቁጥር መሬቱን እየለጠጠ ስለሚያሳየን ርቀቱንም ያዛባዋል። ሄልሲንኪንና የአላስካዋን አንከሬጅን ተመልከቱ። ሁለቱም በ60 እና በ61 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ናቸው። በካርታው ላይ በመካከላቸው የሚሰመረው አግድም መስመር በእውነተኛው ምድር ላይ ሲለካ 9,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። አጭሩ መንገድ ግን ወደ ሰሜን ወጥቶ በዋልታው አጠገብ የሚያልፈው ሲሆን 6,500 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ማለት ለጄት አውሮፕላን ከሦስት ሰዓት በላይ ነው።

ይህን በዓይን ለማየት የሚፈልግ ሰው ሉል ያምጣና በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ይወጥር። ክሩ በራሱ የሚይዘው መስመር ታላቁ ክብ የሚባለው ነው፤ ማለትም ምድርን እኩል ለሁለት የሚከፍላት ክብ አንድ ቁራጭ። በምድር ገጽ ላይ ከዚህ ያነሰ መንገድ የለም። ከኒው ዮርክ ቶኪዮ የሚበር ሰው ከመቀመጫው ፊት ባለው ስክሪን ላይ አላስካን ሲያይ የሚገረመው አውሮፕላኑ ዞሮ የሄደ ስለሚመስለው ነው። ዞሮ ያሳየው ጠፍጣፋው ካርታ ነው።

ርቀቱን በቁጥር ለማግኘት ተራ ሳይንሳዊ ካልኩሌተር ይበቃል። የኒው ዮርኩ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ በ40.64 ዲግሪ ሰሜንና በ73.78 ዲግሪ ምዕራብ ይገኛል፤ የለንደኑ ሂትሮው በ51.47 ዲግሪ ሰሜንና በ0.45 ዲግሪ ምዕራብ። መጀመሪያ የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን አባዙ፤ 0.6513 በ0.7823 ሲባዛ 0.5095 ይሆናል። ቀጥሎ የሁለቱን ኬክሮሶች ኮሳይንና የኬንትሮስ ልዩነታቸውን ኮሳይን፣ ሦስቱን በአንድነት አባዙ፤ የኬንትሮስ ልዩነቱ 73.33 ዲግሪ ስለሆነ 0.7588 በ0.6229 በ0.2868 ተባዝቶ 0.1356 ይሰጣል። ሁለቱን ደምሩ፤ 0.6451። ኮሳይኑ ይህ የሆነ ማዕዘን 49.83 ዲግሪ ነው። ምድርን 6,371 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ያላት ሉል አድርገን ስንወስዳት እያንዳንዱ ዲግሪ 111.19 ኪሎ ሜትር ስለሚይዝ፣ ውጤቱ 5,540 ኪሎ ሜትር ነው።

ስሌቱ የሚበላሽባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ እነዚያው ስለሆኑ ልብ በሏቸው። አንደኛው፣ ካልኩሌተሩ ከዲግሪ ይልቅ በራዲያን ተቀምጦ መገኘቱ ነው፤ ያን ጊዜ ውጤቱ ጨርሶ ትርጉም የለውም። ሁለተኛው ዲግሪንና ደቂቃን ከአስርዮሽ ጋር መቀላቀል ነው። 40 ዲግሪ ከ38 ደቂቃ ማለት 40.38 አይደለም፤ 38 ለ60 ተካፍሎ 40.63 ነው። ይህ ስህተት ብቻውን 28 ኪሎ ሜትር ያህል ያስቀይራል። ከሁሉ የከፋው ሦስተኛው ነው፤ ምሥራቅንና ምዕራብን አለመለየት። ቶኪዮ በ139.78 ምሥራቅ፣ ሎስ አንጀለስ በ118.41 ምዕራብ ናት። ምዕራቡን ኔጋቲቭ ማድረግ የረሳ ሰው በመካከላቸው ከ2,000 ኪሎ ሜትር ያነሰ ርቀት ያገኛል። እውነተኛው 8,810 ያህል ነው። ውጤታችሁ ሲያጠራጥራችሁ ወደ ክሩና ወደ ሉሉ ተመለሱ።

ምድር ፍጹም ክብ አለመሆኗ የሚያሳስባቸው አሉ። በምድር ወገብ ላይ ራዲየሷ 6,378 ኪሎ ሜትር፣ በዋልታዎቹ 6,357 ነው። በዚህ ምክንያት የሉሉ ስሌት ቢበዛ ግማሽ በመቶ ያህል ይሳሳታል። በ10,000 ኪሎ ሜትር ላይ 50 ኪሎ ሜትር፣ በበረራ ሰዓት ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ማለት ነው። ለበረራ መሣሪያዎች ትክክለኛው ቅርጽ ያስፈልጋል፤ ለመንገደኛ ግን አያስፈልግም። ጠቃሚ የሚሆነው መለኪያውን ማወቅ ነው፤ አብራሪዎች የሚሠሩት በናውቲካል ማይል ነው፤ አንዱ 1,852 ሜትር ነው። ተራው ማይል 1,609 ሜትር ስለሆነ የአንዱን ቁጥር በሌላው የተረጎመ ሰው 15 በመቶ ይሳሳታል።

አንድ ነገር ልጨምርና ከርቀቱ ልውጣ። በምድር ላይ ማንኛውም ሁለት ቦታ ሊራራቅ የሚችለው ቢበዛ 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ካለፈ በሌላው ወገን መቅረብ ይጀምራል። ለንደንና ሲድኒ በ17,000 ኪሎ ሜትር ስለሚራራቁ ከዚያ ጣሪያ 85 በመቶው ላይ ናቸው። ዛሬ ያለማቋረጥ ከሚበረሩት መደበኛ መስመሮች ረጅሙ የሲንጋፖርና የኒው ዮርኩ ሲሆን 15,349 ኪሎ ሜትር ነው።

አሁን አውሮፕላኑ በእውነት የሚሄድበትን መንገድ እንመልከት፤ ታላቁን ክብ ሁልጊዜ አይከተልምና። የመጀመሪያው ምክንያት የአየር ክልል ነው። ሄልሲንኪና ቶኪዮ በታላቁ ክብ 7,800 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ መንገዱ አብዛኛው በሩሲያ ሰማይ ላይ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2022 መጀመሪያ ድረስ ይህ በረራ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅ ነበር። በዚያ ዓመት በፌብሩዋሪ የአውሮፓ አገሮችና ሩሲያ አንዱ ለሌላው አየር ክልሉን ሲዘጋ፣ የፊንላንዱ አየር መንገድ ወይ በሰሜን ዋልታ በኩል ወይ በደቡብ ዞሮ መሄድ ግድ ሆነበት፤ ሰዓቱም ወደ 13 ከፍ አለ። የሁለቱ ከተሞች ርቀት በአንድ ሜትር እንኳ አልተለወጠም። ይህ አዲስ ነገርም አይደለም። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የሶቪየት ሰማይ ዝግ ስለነበር፣ የስካንዲኔቪያው ኤስ.ኤ.ኤስ. እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1957 ከኮፐንሃገን ቶኪዮ የሚወስደውን መስመር በአንከሬጅ በኩል ከፈተ። አንከሬጅ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በአውሮፓና በሩቅ ምሥራቅ መካከል የሚበሩ አውሮፕላኖች ነዳጅ የሚሞሉባት ከተማ ሆነች።

ከዚህ የሚከተል ተግባራዊ ነገር አለ። ክልከላው በአየር መንገዱ አገር እንጂ በከተሞቹ አይወሰንም። የቻይና አየር መንገዶች በሩሲያ ላይ መብረራቸውን ስለቀጠሉ፣ በለንደንና በሻንጋይ መካከል የአንዱ ኩባንያ በረራ ከሌላው ሁለት ሰዓት ያህል ሊያጥር ይችላል። በሁለት ከተሞች መካከል የሚበሩ ኩባንያዎችን ስታወዳድሩ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የተጻፈውን የበረራ ርዝመትም ተመልከቱ።

ሁለተኛው ምክንያት ደኅንነት ነው። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን አንዱ ሞተር ቢጠፋበት በቀረው አንድ ሞተር በርሮ በተወሰነ ደቂቃ ውስጥ የሚያርፍበት ቦታ መኖር አለበት። ኢቶፕስ የሚባለው ደንብ ይህ ነው። ቀድሞ 60 ደቂቃ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ለአትላንቲክ በረራዎች 120 ተፈቀደ፤ በኋላ 180 ሆነ፤ ኤርባስ ኤ350 በ2014 እስከ 370 ደቂቃ የሚደርስ ፈቃድ አግኝቷል። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የማረፊያ ቦታ ብዙ ስለሆነ ደንቡ ብዙም አይሰማም። በደቡቡ ግን የቦታው ስፋት ያስፈራል። ከሲድኒ ሳንቲያጎ 11,340 ኪሎ ሜትር ነው፤ ታላቁ ክብ እስከ 62 ዲግሪ ደቡብ ወርዶ በአንታርክቲካ አቅጣጫ ያልፋል፤ ከታች ውቅያኖስና በረዶ ብቻ ነው ያለው። ፈቃዱ አጭር የሆነ አውሮፕላን ወደ ሰሜን ተጠማዝዞ ለመሄድ ይገደዳል፤ መንገዱም ይረዝምበታል።

በዋልታ አካባቢ ደግሞ ነዳጁ ራሱ ያሳስባል። በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የተለመደው ጄት ኤ-1 የመቀዝቀዣ ገደቡ ከዜሮ በታች 47 ዲግሪ ነው፤ በአሜሪካ የሚሞላው ጄት ኤ ደግሞ ከዜሮ በታች 40። ውጪው ከዜሮ በታች ከ60 ዲግሪ ባለፈበት ሰማይ ላይ ለሰዓታት የሚበር አውሮፕላን ክንፉ ውስጥ ያለው ነዳጅ ቀስ በቀስ ይቀዘቅዛል። አብራሪዎቹ የነዳጁን ሙቀት እየተከታተሉ ወደ ገደቡ ሲጠጋ ወይ ሞቅ ወዳለው ከፍታ ይወርዳሉ፣ ወይ ፍጥነት ይጨምራሉ፣ ወይ አቅጣጫ ይለውጣሉ። ሁሉም ዕቅዱን ይነካል።

በሰሜን አትላንቲክ ላይ ያለው አሠራር ደግሞ ይህን ሁሉ ያጣምራል። በውቅያኖሱ መካከል ራዳር ስለማይደርስ፣ የካናዳው ጋንደርና የብሪታንያና የአየርላንድ የጋራ የሆነው ሻንዊክ መቆጣጠሪያዎች በየቀኑ አዲስ የመንገድ መስመሮች ያወጣሉ። ቀን ቀን የሚያገለግሉት ወደ ምዕራብ ለሚሄዱት ነው፤ ሌሊት ያሉት ወደ ምሥራቅ። ለምን በየቀኑ ይለወጣሉ? በነፋሱ ምክንያት። ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ነፋሱን ፈልጎ ይገባበታል፤ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ይሸሸዋል።

ይህ ነፋስ ጄት ስትሪም ይባላል። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ፣ ጠበብ ያለ ኃይለኛ ጅረት ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ሲበረታ 300ንም ያልፋል። ጃፓናዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ዋሳቡሮ ኦይሺ በ1920ዎቹ ፊኛ እየለቀቀ በመከታተል ለክቶት ነበር። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1926 ያሳተመው በኤስፔራንቶ ቋንቋ ስለነበር ከጃፓን ውጪ ያነበበው ጥቂት ሰው ነው። ከዓመታት በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን ላይ በከፍታ የበረሩ የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ነፋሱ ያልጠበቁት ሆነባቸው። የዚያ ሰው ሥራ ከዚህ የበለጠ መታወቅ ይገባው ነበር ብዬ አምናለሁ።

የጄት ስትሪም ጉልበት የሚመጣው በሞቃቱ ደቡብና በቀዝቃዛው ሰሜን መካከል ካለው የሙቀት ልዩነት ነው፤ የምድር መሽከርከር ደግሞ ወደ ምሥራቅ ያጠመዝዘዋል። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ልዩነቱ ስለሚሰፋ ነፋሱ ይበረታል። በዚያው መስመር የጃንዋሪና የጁላይ በረራ የማይመሳሰለው ለዚህ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ወይም ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚሄዱ በረራዎች ላይ ግን የደርሶ መልሱ ልዩነት ትንሽ ነው።

እዚህ ላይ በየጊዜው የሚነሳ ጥያቄ አለ። ምድር ወደ ምሥራቅ የምትሽከረከር ከሆነ፣ ወደ ምዕራብ የሚበር አውሮፕላን መድረሻው ራሱ ወደ እሱ እየመጣለት ለምን አይፈጥንም? ጥያቄው ብልህ ነው፤ መልሱም ግልጽ ነው። አየሩ ከምድር ጋር አብሮ ይሽከረከራል፤ አውሮፕላኑም ከመነሳቱ በፊት በዚያው ፍጥነት አብሮ ይጓዝ ነበር። በሚሮጥ ባቡር ውስጥ ኳስ ወደ ላይ ብትወረውሩ ተመልሶ እጃችሁ ላይ እንደሚያርፍ ማለት ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው አየሩ ከምድር ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ ሲሄድ ብቻ ነው፤ እሱም ነፋስ ነው።

የአውሮፕላኑን ፍጥነት በቁጥር እንየው። ዘመናዊ የረጅም ርቀት አውሮፕላኖች፣ ኤርባስ ኤ350ም ሆነ ቦይንግ 787፣ በማክ 0.85 አካባቢ ይበራሉ፤ ማለትም በድምፅ ፍጥነት 85 በመቶ። በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ተኩል ሲሆን የድምፅ ፍጥነት በሰዓት 1,062 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ በ903 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የዘገየ በረራ ሲሆን አብራሪው ለምን አይፈጥንም የሚሉ አሉ። ማክ 0.85ን ወደ 0.86 ማሳደግ ከአሥር ሰዓት በረራ ላይ የሚቀንሰው ሰባት ደቂቃ ነው፤ ወደ ድምፅ ፍጥነት በተጠጋን ቁጥር ደግሞ የአየሩ መጎተት በኃይል ስለሚጨምር ብዙ ነዳጅ ይበላል። ሁለት ሰዓት ዘግይቶ የተነሳ አውሮፕላን በሰማይ ላይ ያንን ያካክሳል ብላችሁ አትጠብቁ።

ነፋስ ደግሞ በደርሶ መልስ የሚካካስ አይደለም። በ900 የሚሄድ አውሮፕላን 9,000 ኪሎ ሜትር ቢበር አሥር ሰዓት ይፈጅበታል፤ ደርሶ መልሱ ሃያ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ቢኖር ሲሄድ በ1,000 ስለሚጓዝ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሲመለስ በ800 ስለሚጓዝ 11 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይሆንበታል። ድምሩ 20 ሰዓት ከሩብ ነው። ሩብ ሰዓቷ ከየት መጣች ብትሉ፣ አውሮፕላኑ በሚቃወመው ነፋስ ውስጥ የሚቆየው ከሚገፋው ነፋስ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ቲኬቱ እንመለስ። ቲኬት ላይ የተጻፈው ሰዓት በሰማይ የሚቆዩበት ጊዜ አይደለም። መነሻ የሚባለው አውሮፕላኑ ከቆመበት በር ተላቅቆ መንቀሳቀስ የሚጀምርበት ደቂቃ ነው፤ መድረሻውም በሚደርስበት ከተማ በሩ ላይ የሚቆምበት ነው። በመካከሉ እስከ መንደርደሪያው መሄድና ወረፋ መጠበቅ አለ፤ በተጨናነቀ ማረፊያ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ካረፈ በኋላ ደግሞ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ። ሲወጣና ሲወርድም አውሮፕላኑ ከመደበኛው ፍጥነቱ በታች ነው፤ በብዙ አገሮች ከ10,000 ጫማ በታች ከ250 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ463 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር አይፈቀድም። አየር መንገዶች በዚህ ላይ የመጠባበቂያ ደቂቃዎች ይጨምራሉ፤ ምክንያቱም በኢንዱስትሪው ልማድ ከተባለው ሰዓት ከ15 ደቂቃ ባልበለጠ ልዩነት የደረሰ በረራ በሰዓቱ እንደ ደረሰ ይቆጠራል። አብራሪው «ግማሽ ሰዓት ቀድመን እንደርሳለን» ሲል ብዙ ጊዜ ምስጢሩ ይህ ነው።

እንግዲህ ለራሳችሁ ግምት መሥራት ከፈለጋችሁ፣ የታላቁን ክብ ርቀት ለ850 አካፍሉና ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ለኒው ዮርክና ለለንደን 5,540 ለ850 ሲካፈል ስድስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ግማሽ ሲጨመር ሰባት። ለለንደንና ለሲንጋፖር 10,880 ለ850 ተካፍሎ 12.8 ይሆናል፤ ግማሽ ሲጨመርበት 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ። ከዚያ በሰሜኑ መካከለኛ ኬክሮስ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቀንሱ፤ ወደ ምዕራብ ከሆነ ያንኑ ያህል ጨምሩ። መንገዱ በተዘጋ አየር ክልል ምክንያት የሚዞር ከሆነ ግን ይህ ቀመር አይሠራም፤ ዞሮ የሚሄድበትን ነጥብ ወስዳችሁ ሁለቱን ቁራጮች ለየብቻ አስሉ።

በጣም ረጅም በረራ ለምን ውድና ብርቅ እንደ ሆነ የሚገባን ነዳጁን ስናይ ነው። ነዳጅ ራሱ ክብደት ነው፤ ነዳጅ ለመሸከም ነዳጅ ይቃጠላል። ለግምት ያህል፣ ተጨማሪ የተጫነ ነዳጅ በየሰዓቱ ከክብደቱ 3 በመቶ ያህሉን ለራሱ መሸከሚያ ያቃጥላል። ከጉዞው ነዳጅ ሌላ ለነፋስ መለዋወጥ የሚያዝ መጠባበቂያ፣ ወደ ተለዋጭ ማረፊያ የሚያደርስና በመጨረሻም ጄት አውሮፕላንን በሰማይ 30 ደቂቃ የሚያቆይ፣ በመደበኛ ሁኔታ የማይነካ ነዳጅ በደንብ ይያዛል። ሲንጋፖር ኤርላይንስ ኒው ዮርክን ያለማቋረጥ ለመድረስ የተጠቀመበት ኤ350-900 ዩኤልአር፣ ማለትም እጅግ ረጅም ርቀት እንዲበር የተዘጋጀው ዓይነት፣ ከመደበኛው ኤ350-900 141,000 ሊትር ይልቅ 165,000 ሊትር የሚይዝ ሲሆን፣ የመንገደኛው ወንበር 161 ብቻ ነው። ጉዞው ከ18 ሰዓት ተኩል በላይ ነው። ከታላቁ ክብ ወጥቶ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ረዘም ያለ መንገድ የሚሄድበትም ቀን አለ፤ ነፋሱ ከኋላ እየገፋው የረዘመው መንገድ ቀድሞ ያደርሰዋል።

ነፋሱ ከተተነበየው በላይ ሲበረታ ደግሞ ነዳጁ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻና በ2012 መጀመሪያ ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ በቦይንግ 757 የሚደረጉ ረጃጅም በረራዎች ኃይለኛ ነፋስ ስለ ገጠማቸው፣ በርካቶቹ በካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ እያረፉ ነዳጅ ሞልተዋል። አውሮፕላኑ አልተበላሸም፤ ለዚያ ርቀት አቅሙ ጫፍ ላይ ስለነበረ ነው። ጠባብ አውሮፕላን በረጅም ርቀት፣ ወደ ምዕራብ፣ በጃንዋሪ ከሆነ ለሚቀጥለው በረራችሁ ሰፊ ጊዜ ተዉ።

ቀጥታ በረራ ከሌለ መካከለኛ ከተማ መምረጥ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ካርታው ላይ «በመንገድ ላይ» የሚመስለውን በመያዝ ነው። ከለንደን ሲድኒ 17,020 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሲንጋፖር በኩል ከሄዳችሁ 10,880 እና 6,300 ተደምሮ 17,180 ይሆናል፤ የጨመረው አንድ በመቶ ብቻ ነው። በዱባይ በኩል 17,540 ገደማ ነው። በሎስ አንጀለስ በኩል ግን ወደ 20,840 ይደርሳል፤ 22 በመቶ ጭማሪ፣ ወደ አራት ሰዓት ተኩል የሚጠጋ ተጨማሪ በረራ። ስለዚህ ሁለቱን ቁራጮች ደምሩና ከቀጥታው ርቀት ጋር አመዛዝኑ። እስከ አምስት በመቶ የሚጨምር መቆሚያ በመንገዳችሁ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን የሚወስነው መሬት ላይ የምትጠብቁት ጊዜ ነው። ሁለቱ በረራዎች በአንድ ቲኬት ከተያዙ የመጀመሪያው ቢዘገይ አየር መንገዱ በሌላ በረራ ሊያሳፍራችሁ ይገባል። በሁለት የተለያዩ ቲኬቶች ከሆነ ግን ኪሳራው የእናንተ ነው፤ ሻንጣ ተቀብሎ እንደገና ማስረከብ፣ አንዳንዴም የመግቢያ ቪዛ ይጠየቅበታል። በእኔ ግምት በሁለት ቲኬት ለሚጓዝ ሰው በመካከል አራት ሰዓት እንኳ ብዙ አይደለም።

የመጨረሻው ጉዳይ ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ቲኬት ላይ የመነሻው ሰዓት በመነሻው ከተማ፣ የመድረሻው በመድረሻው ከተማ ሰዓት ይጻፋል፤ ሁለቱም ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የሚቆጠሩ ናቸው። አንዱን ከሌላው በቀጥታ ቀንሶ የበረራ ርዝመት ማግኘት አይቻልም። መፍትሔው ሁለቱንም ወደ ዩቲሲ፣ ማለትም ወደ ዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት መመለስ ነው። ቶኪዮ ከዩቲሲ ዘጠኝ ሰዓት ትቀድማለች፤ ሎስ አንጀለስ ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ማርች አጋማሽ ገደማ ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ከቶኪዮ ሰኞ 17፡00 የተነሳ በረራ በዩቲሲ 08፡00 ተነሳ ማለት ነው። አሥር ሰዓት ቢበር በዩቲሲ 18፡00 ይደርሳል፤ በሎስ አንጀለስ ሰኞ 10፡00። ከተነሳበት ሰዓት ሰባት ሰዓት ቀድሞ ደረሰ! በዓለም አቀፉ የቀን መስመር ላይ ሲያልፍ ቀኑ ስለተመለሰለት ነው። ሲመለስ ደግሞ ሰኞ 11፡00 ቢነሳ ዩቲሲ 19፡00 ነው፤ 12 ሰዓት በርሮ በዩቲሲ ማክሰኞ 07፡00 ላይ ሲያርፍ በቶኪዮ ማክሰኞ 16፡00 ይሆናል። የቶኪዮ ሆቴሉን ከሰኞ ጀምሮ የያዘ ሰው ያላደረበትን ሌሊት ይከፍላል። ከመድረሻው ሰዓት ጎን የምትታየው ትንሽ የመደመር ምልክትና አንድ ቁጥር የምትናገረው ይህንን ነው፤ አትለፏት።

ሁሉም ቦታዎች በሙሉ ሰዓት አይለያዩም። ሕንድ ከዩቲሲ አምስት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች፤ ኔፓል አምስት ሰዓት ከ45 ደቂቃ። በዓመቱ መካከል ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉ አገሮች ደግሞ ሁሉም በአንድ ቀን አያደርጉትም። አሜሪካ በማርች ሁለተኛው እሑድ ሰዓቷን ወደ ፊት ታስኬዳለች፤ አውሮፓ በማርች የመጨረሻው እሑድ። በመካከል ባሉት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት በኒው ዮርክና በለንደን መካከል ያለው ልዩነት ከአምስት ወደ አራት ሰዓት ይወርዳል። በመጸውም ይደገማል፤ አውሮፓ በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ፣ አሜሪካ ደግሞ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ስለሚመልሱ አንድ ሳምንት ይዛነፋል። በእነዚያ ሳምንታት የሚጓዝ ሰው ባለፈው ወር የሚያውቀውን የመነሻ ሰዓት እንዳያምን፤ ትራንዚት ያለው ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን ቁራጭ በዩቲሲ አድርጎ እንደገና ያስላው።